ነገረ ፈጅ መቼ ይጠራል? የአሠሪዎች የሕግ ድጋፍ በኢትዮጵያ የሥራ ሕግ ታሪክ ውስጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲያመች በመጠኑ የተስተካከለ)



ስለ ሥራ ሕግ ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ ታሪኩ ዘወትር የሚጀምረው ከሠራተኛው ነው። ይህ ተገቢ ነው። ሕጉን ያስወጣው የሠራተኛው ጥያቄ፣ ማኅበሩና የሥራ ማቆም አድማው ስለሆነ ከዚያ መጀመር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የሥራ ውል ሁለት ወገኖች አሉት። ሁለተኛው ወገን፣ አሠሪው፣ በታሪካችን ውስጥ የሚታየው ብዙውን ጊዜ እንደ ተከሳሽ ብቻ ነው። ተከሳሹ ከመከሰሱ በፊት ምን ያውቅ ነበር? ማንን አማከረ? ሕጉ ከእጁ የደረሰው በማን በኩል ነው? እነዚህን የሚጠይቅ ጥናት ጥቂት ነው።

እኔ የሕግ ታሪክ አስተማሪ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው የሙግት ምክር ሳይሆን አንድ ታሪካዊ ክርክር ነው። ክርክሩም እንዲህ ይጠቃለላል። ካለፉት 60 ዓመታት ወዲህ የወጡት የሥራ ሕጎቻችን የሥራ ክርክርን ወሳኝ ሰዓት ከችሎት አዳራሽ አውጥተው ወደ ሥራ ቦታው፣ ወደ ማስጠንቀቂያው ደብዳቤና ወደ መቆጣጠሪያው መዝገብ አዛውረውታል። የአሠሪው የሕግ ረዳት ግን አሁንም የሚጠራው መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ መዘግየት የሚጎዳው አሠሪው ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛውም ነው።

1. ስሙና ልማዱ

ከቃሉ ልጀምር። በመሥሪያ ቤቶቻችንና በድርጅቶቻችን ውስጥ ስለ ድርጅቱ ሆኖ ፍርድ ቤት የሚቆመውን ባለሙያ «ነገረ ፈጅ» እንለዋለን። «ፈጀ» ማለት ጨረሰ ማለት ነው፤ ነገረ ፈጅም ነገር የሚጨርስ ሰው ነው። ስሙ ራሱ ሰውየው የሚጠራበትን ሰዓት ይነግረናል። የሚጨረስ ነገር እንዲኖር አስቀድሞ የተጀመረ ነገር መኖር አለበት። በዚህ አጠራር ውስጥ ነገር እንዳይጀመር የሚያደርግ ሰው ቦታ የለውም።

ልማዳችን ግን ከዚህ የተለየ ሌላ መንገድም ያውቃል። ሰው በሰው ላይ እጁን ሊያነሳ ሲል፣ ወይም መብቱን አልፎ ሊሄድ ሲል፣ «በሕግ አምላክ!» ይባላል። ይህ ቃል የሚነገረው ጥፋቱ ሳይፈጸም ነው። የተባለውም ሰው ቆሞ ነገሩን ወደ ዳኛ እንዲወስድ ይጠበቅበታል። ሕግ እዚህ ላይ የሚደርሰው ከድርጊቱ በፊት ነው። ስለዚህ ሁለት ልማዶች አሉን፤ አንዱ ሕግን ከጥፋት በፊት ይጠራል፣ ሌላው ከጥፋት በኋላ ነገሩን እንዲጨርስ ሰው ይቀጥራል። የሥራ ሕጋችን የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ሲሆን አሠሪዎቻችን የያዙት ሁለተኛውን ነው።

በጌታና በሎሌ መካከል የነበረው የቆየ ግንኙነት በአብዛኛው በቃልና በታማኝነት የቆመ ነበር። ጌታው «ሂድ» ሲል ሎሌው ይሄዳል። የተጻፈ ምክንያት አይጠየቅም ነበር። ይህን የማነሳው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። ዛሬም በትንንሽ የሥራ ቦታዎች የሚሰማው «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» የሚለው የቃል ስንብት ከየት እንደመጣ ለማሳየት ነው። ይህ ልማድ ሕግን ለመጣስ ታስቦ የተፈጠረ አይደለም። ከሕጉ በፊት የነበረና ሕጉ ሲመጣ ማንም ቀርቦ ያላስተዋወቀው ልማድ ነው።

2. ከፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ አዋጅ ቁጥር 210

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውልን በዘመናዊ መልክ ደነገገ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው ይህ ሕግ ሥራን በዋነኛነት በሁለት ግለሰቦች መካከል እንደሚደረግ ውል ይመለከተዋል። ውሉ ያለ በቂ ምክንያት ሲቋረጥ ተጎጂው ወገን ኪሳራ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። የአሠሪው የሕግ ረዳት በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚኖረው ተግባር ግልጽ ነው፤ ክስ ሲመጣ ይከላከላል፣ ኪሳራው እንዲቀንስ ይከራከራል።

ነገሩ የተለወጠው በፋብሪካዎች ዙሪያ ነው። በድሬዳዋ የባቡር ሠራተኞች፣ በወንጂ ደግሞ የኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ባቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ያሉ ሠራተኞች በጋራ መጠየቅን ተለማመዱ። እንደ ወንጂ ባለ ቦታ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለአንድ አሠሪ በሚሠሩበት፣ ክርክሩ የአንድ ሰው ውል ጉዳይ ሆኖ ሊቀር አይችልም ነበር። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1962 ድንጋጌ ቁጥር 49ን አወጣ። ቀጥሎም በ1956 ዓ.ም. የአሠሪዎችንና የሠራተኞችን ግንኙነት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 210 ጸደቀ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንትም ከወንጂ የመጣው አብርሃም መኮንን ነበር። ኢትዮጵያ የመደራጀት ነጻነትንና የጋራ ድርድርን የሚመለከቱትን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87ንና 98ን እ.ኤ.አ. በሰኔ 1963 አጸደቀች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ነጥብ አለ። አዋጅ ቁጥር 210 የመደራጀትን መብት ለሠራተኞች ብቻ አልሰጠም፤ ለአሠሪዎችም ሰጥቷል። የአሠሪዎች ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ። አዋጁ ክርክሮችን የሚመለከት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ አቋቋመ፤ ሁለቱ ወገኖች በቅን ልቦና እንዲደራደሩም አዘዘ። ከዚህ በኋላ አሠሪው የሚያስፈልገው ረዳት በችሎት የሚከራከር ሰው ብቻ መሆኑ አበቃ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የኅብረት ስምምነት የሚያነብ፣ ቃላቱን የሚመዝን፣ ነገ ምን እንደሚያስከትሉ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ያስፈልግ ጀመር። የአሠሪዎች ማኅበር የተፈቀደበት አንዱ ጥቅም ይኸው ነበር፤ ብቻውን ባለሙያ መቅጠር የማይችል አሠሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ ዕውቀቱን እንዲካፈል ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ሥር እንዲሰድድ የተሰጠው ጊዜ ግን 10 ዓመት ያህል ብቻ ሆነ።

3. አሠሪው መንግሥት በሆነ ጊዜ

በጥር 1967 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን በሙሉ ወረሰ። ባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ተወርሰው ነበር። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210ን የሚተካው የሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ አዋጅ የግል ባለሀብትን የካፒታል ጣሪያ ወሰነ፤ በኢንዱስትሪ 500,000 ብር፣ በጅምላ ንግድ 300,000 ብር፣ በችርቻሮ 200,000 ብር። የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ፈርሶ በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበር ተቋቋመ።

የእነዚህ እርምጃዎች ፖለቲካዊ ትርጉም ብዙ ተጽፎበታል። እኔ ትኩረቴን የምጥለው በአንድ የጎንዮሽ ውጤት ላይ ነው። ትልቁ አሠሪ መንግሥት ሲሆን የአሠሪ የሕግ ባለሙያም የመንግሥት ተቀጣሪ ሆነ። ነገረ ፈጅ በኮርፖሬሽኑ የደመወዝ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሰው ነው፤ ድርጅቱ ቢሸነፍ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም፣ ሥራ አስኪያጁም ከሕጉ ይልቅ የበላይ መመሪያ ያሳስበዋል። በሌላ በኩል የግሉ አሠሪ በካፒታል ጣሪያው ምክንያት ትንሽ ሆኖ እንዲቀር ተፈረደበት። የአሠሪነት ድምፁም ዝቅ አለ። ስለዚህ በ17ቱ ዓመታት ውስጥ ትልቁ አሠሪ ነገረ ፈጅ ነበረው፤ ትንሹ አሠሪ ግን ማንም አልነበረውም። ይህ ክፍፍል ሥርዓቱ ሲያልፍ አብሮ አላለፈም።

ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ሰነድ ግን መጥቀስ እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ የሥራ ውል በአሠሪው አነሳሽነት ስለሚቋረጥበት ሁኔታ የሚደነግገውን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158ን እ.ኤ.አ. በጥር 1991፣ መንግሥቱ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አጸደቀች። ስምምነቱ ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሰናበት ያዛል። ምክንያቱ ከጠባዩ ወይም ከሥራ ችሎታው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከአሠሪው በአግባቡ ሊጠበቅ የማይችል ካልሆነ በስተቀር፣ ሠራተኛው አስቀድሞ ራሱን የመከላከል ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ይህ ጽሑፍ በብዙ የሥራ ቦታዎች ግድግዳ ላይ አይገኝም፤ ከችሎት ፊት ግን ይጠበቃል።

4. ከ1985 ወዲህ፤ ምክንያትን በጽሑፍ

የሽግግሩ ዘመን የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42/1985፣ ከእርሱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ በመጨረሻም ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድ መስመር ይከተላሉ። የግል የሥራ ክርክር በመደበኛ ፍርድ ቤት በተቋቋመ የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል። የወል የሥራ ክርክር ደግሞ በአስማሚና በወሳኝ ቦርድ በኩል ያልፋል። የሦስቱም ዓላማ በሕግ አውጪው ቋንቋ የኢንዱስትሪ ሰላም ነው።

ከእነዚህ ሕጎች ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅሙ ጥቂት ድንጋጌዎችን ልጥቀስ። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ሠራተኛን ማሰናበት የሚችለው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ነው። ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉት ይህ መብቱ ይቀራል። በ1156 መሠረት በሥራ ሰዓት አለመገኘት የስንብት ምክንያት የሚሆነው ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ካረፈደ ነው። የስንብት ክፍያዎች ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው።

እነዚህን ድንጋጌዎች በጥሞና ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። ሁሉም የሚናገሩት ከክስ በፊት ስላለው ጊዜ ነው። ማስጠንቀቂያው፣ ደብዳቤው፣ 30ው ቀን፣ 7ቱ ቀን፣ እያንዳንዱ ከመጥሪያ በፊት ያልፋል። ዳኛው መዝገቡን ሲከፍት የሚያየው አሠሪው በእነዚያ ቀናት ያደረገውን ወይም ሳያደርግ የቀረውን ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጠበቃ ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ያልተጻፈን ማስጠንቀቂያ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጽፍ አይችልም። ሊጽፍ ቢሞክር ደግሞ ከሥራ ክርክር ወጥቶ ወደ ወንጀል ይገባል።

በዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 454/1997 ያመጣው ለውጥ ይጨመራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ላሉ ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ሆነ። የችሎቱ ውሳኔዎች በተከታታይ ቅጾች ታትመዋል፤ ከእነርሱ መካከልም የሥራ ክርክር ሰፊ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ የሥራ ሕግን ማወቅ ማለት አዋጁን ማንበብ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ባለሙያ ያለው ድርጅት ቅጾቹን ያስነብባል። ባለሙያ የሌለው አሠሪ ቅጾቹ መኖራቸውንም ላያውቅ ይችላል።

5. የአንዲት ዳቦ ቤት ሒሳብ

ይህን በምሳሌ ላሳይ። ምሳሌው የተፈጠረ ነው፤ ስሌቱ ግን የሕጉ ነው።

አንዲት ወይዘሮ 8 ሠራተኞች ያሉት ዳቦ ቤት አላት እንበል። አንድ ጋጋሪ አራት ዓመት ሠርቷል፤ ደመወዙ በወር 6,000 ብር ነው፤ ለስሌት እንዲቀል የቀን ደመወዙን 200 ብር እናድርገው። ጋጋሪው ማርፈድ ያበዛል። እርሷም «ዋ! ብትደግም አሰናብትሃለሁ» ትለዋለች፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። አንድ ቀን ንጋት ላይ ሊጡ ኮምጥጦ፣ ደንበኛው ተሰልፎ፣ እርሱ ሁለት ሰዓት አርፍዶ ይመጣል። «በቃ፣ ሂድ» ትለዋለች። እርሱም ይሄዳል።

ጋጋሪው ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ የማቅረቢያ 3 ወር አለው። የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ወይዘሮዋ በችሎት ፊት «ሁልጊዜ ያረፍድ ነበር» ትላለች። ምናልባትም እውነቷን ነው። ነገር ግን የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ የላትም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የላትም፤ የስንብት ደብዳቤም አልሰጠችም። ምስክሮቿ የእርሷው ሠራተኞች ናቸው። ችሎቱ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ቢልና ጋጋሪው ወደ ሥራ እንዳይመለስ ቢወሰን ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። ካሳ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ፣ 36,000 ብር። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ሁለት ወር ስለሆነ 12,000 ብር። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ በድምሩ 12,000 ብር። ጠቅላላው 60,000 ብር፣ ማለትም የሠራተኛው የ10 ወር ደመወዝ ነው። ክፍያው በመዘግየቱ ችሎቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ሊጨምርባት ይችላል። ወደ ሥራው ይመለስ ከተባለ ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ አለ።

ይህን ስሌት ያቀረብኩት ሕጉ ጨካኝ ነው ለማለት አይደለም። አራት ዓመት እሳት ፊት የቆመ ሰው በአንድ ንጋት በቃል ብቻ ከእንጀራው መነቀል የለበትም፤ ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው፣ ትክክልም ነው። ነገር ግን የወይዘሮዋን ሁኔታ ተመልከቱ። ያስፈልጋት የነበረው አንድ ገጽ ምክር ነበር። የሰዓት መዝገብ ያዢ፤ ሲያረፍድ በጽሑፍ አስጠንቅቂ፤ አስፈርሚ፤ ምክንያቱን ጠይቂው፤ መልሱን ጻፊ። ምናልባት ምክንያቱን ስትጠይቀው የታመመ ልጅ እንዳለው ይነግራት ነበር፤ ፈረቃውንም ቀይራለት ሁለቱም በሥራቸው ይቀጥሉ ነበር። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። የሕግ ምክር ከሥሩ ቢደርስ ኖሮ ምናልባት ነገሩ ራሱ አይወለድም ነበር።

የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ሕጉ 10 ሠራተኞችን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህ ዳቦ ቤት ውስጥ ማኅበርም የለም። ማኅበር ቢኖር ወይዘሮዋን በጊዜ «ይህ ሕግ ነው» ብሎ የሚያስቆማት ድምፅ ይሆን ነበር። ባለበት ሁኔታ ግን በሕጉና በዳቦ ቤቱ መካከል ማንም የለም። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፏን የሚያንኳኳው በመጥሪያ መልክ ነው።

6. አንድ ተቃውሞና መልሱ

በመማሪያ ክፍል ይህን ሳነሳ ከተማሪዎቼ ጠንካራ ተቃውሞ ይገጥመኛል፤ በመገጠሙም ደስ ይለኛል። ተቃውሞው እንዲህ ይላል፦ «አሠሪው አስቀድሞ ብርቱ ነው። ገንዘቡ የእርሱ፣ ሥራው የእርሱ፣ መዝገቡም የእርሱ ነው። ለብርቱው ጠበቃ መጨመር ሚዛኑን ይበልጥ ማዛባት አይሆንም?»

ጥያቄው ከታሪክ ድጋፍ አለው። ሕግን ለማክበር የሚሰጥ ምክር እንዳለ ሁሉ ሕግን ለመሸሽ የሚሰጥ ምክርም አለ። በባሕርይው ቋሚ የሆነ ሥራን በየጥቂት ወሩ በሚታደስ የጊዜ ውል መሸፈን፣ ሠራተኛውን በሥራ መጀመሪያ ቀን ባዶ የሥራ መልቀቂያ ላይ ማስፈረም፣ ተራ ሠራተኛን «የሥራ መሪ» የሚል መጠሪያ ሰጥቶ ከአዋጁ ጥበቃ ለማውጣት መሞከር፣ እነዚህ ሁሉ ባለሙያ የሚያስተምራቸው ዘዴዎች ናቸው። ሕጉ ይህን አስቀድሞ አይቷል። ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ የሚቆጠርበትን ግምት ያስቀመጠው፣ የጊዜ ውል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎችም ለይቶ የዘረዘረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይዘነጋል። እነዚህን ዘዴዎች የሚገዛው ቀድሞውንም ባለሙያ ያለው አሠሪ ነው። ትንሹ አሠሪ ሕግ የሚጥሰው በዘዴ ሳይሆን ባለማወቅ ነው። በእርሱ ዘንድ የሕግ ምክር ባይኖር ሠራተኛው ይጠቀማል ማለት ስህተት ነው። ሠራተኛው የሚያገኘው ከወራት ክርክር በኋላ የሚፈረድ ገንዘብ ነው፤ ሕጉ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲወሰን ቢያዝም ይግባኝና አፈጻጸም አለ። የሚፈረድበት አሠሪ ደግሞ ዱቄት ከመግዣ በቀር የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል። በወረቀት ያሸነፈ፣ በኪሱ ያልገባለት ሠራተኛ ያሸነፈው ምንድን ነው? ከእርሱ ጋር ይሠሩ የነበሩት ሰባቱስ ዳቦ ቤቱ ቢዘጋ ወዴት ይሄዳሉ?

ስለዚህ የአሠሪ የሕግ ድጋፍ መልካም ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ በደፈናው መልስ የለውም። መለያው ድጋፉ የሚሰጥበት ሰዓት ነው። ከስንብቱ ደብዳቤ በፊት የተሰጠ ቅን ምክር ሠራተኛውን ጭምር ይጠብቃል፤ ምክንያቱ ይጠየቃል፣ መልሱ ይሰማል፣ ውሳኔው በቁጣ ሰዓት አይሰጥም። ከመጥሪያው በኋላ የሚሰጥ ድጋፍ ግን፣ የቱንም ያህል ሕጋዊ ቢሆን፣ ጉዳትን ከማከፋፈል አያልፍም።

7. የእኛ ድርሻ

ንግግሬን ወደ ፍጻሜው ላምጣ። አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪዎችን ማኅበር ሲፈቅድ ያሰበው ዕውቀትን የሚካፈል ተቋም ነበር። ዛሬም ሕጉ የአሠሪዎች ማኅበራት አባሎቻቸውን በድርድርና በክርክር እንዲወክሉ ይፈቅዳል። ማኅበራቱ ይህን ሥልጣናቸውን ከትልልቆቹ አልፈው ለ8 ሠራተኛ ቀጣሪዎችም ቢያውሉት በ1956 የተከፈተው በር ዛሬ ጥቅም ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። ይህም በየወሩ ጥቂት ብር የሚከፍሉ ብዙ ትንንሽ አሠሪዎችን በአንድነት ማማከር የሚቻልበትን መንገድ ይከፍታል።

የእኛ የዩኒቨርሲቲዎችም ጉዳይ አለ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማእከላት ለአቅመ ደካሞች አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በሥራ ክርክር ረገድ «አቅመ ደካማ» ስንል ሠራተኛውን ማሰባችን ተገቢ ነው፣ በዚያም መቀጠል አለብን። ለአንድ ሠራተኛ የቆመ ማእከል በዚያው መዝገብ ለአሠሪው ሊቆም አይችልም፤ የጥቅም ግጭት ነው። ነገር ግን በሙግት መቆም አንድ ነገር፣ ሙግት ሳይኖር ሕጉን ማስተማር ሌላ ነገር ነው። ተማሪዎቻችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ የሰዓት መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የስንብት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላ በቀላል አማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅተው ለዳቦ ቤቱ፣ ለጋራዡ፣ ለልብስ ስፌት ቤቱ ቢያደርሱ ማንንም አይወግኑም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። ፍትሕ ደግሞ ፍርድ በማግኘት ብቻ አይጀምርም፤ ሕጉ ምን እንደሚል በጊዜ በማወቅ ይጀምራል።

ለታሪክ ተማሪዎችም አንድ ጥሪ አለኝ። የሥራ ታሪካችን መዝገብ በአድማና በአዋጅ ብቻ አልተጻፈም። በየድርጅቱ መጋዘን አቧራ የለበሱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤዎች፣ የነገረ ፈጅ አስተያየቶች አሉ። እነዚያን ከመቃጠላቸው በፊት ሰብስቡ፤ አንብቧቸው። ሕግ በዚህች አገር ከነጋሪት ጋዜጣ ተነሥቶ እስከ ፋብሪካው በር እንዴት እንደተጓዘ፣ የት ላይ እንደቆመና በማን እጅ እንደጠፋ የሚነግሩን እነርሱ ናቸው።